ሰው ውስጥ እያለ የሚጮኸውን የመኪና አላርም እንዴት ዝም አሰኘሁት

መኪናዬ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ እጀታውን ስነካ የምትቆለፍ ናት። ችግሩ፣ እናቴ ውስጥ ሆና እየጠበቀችኝ ቆልፌ ስሄድ ትንሽ ቆይቶ አላርሙ ይጮሃል። መጀመሪያ ባትሪውን ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው። የኮፈኖው ስዊችም ምንም የለበትም።

ጥፋተኛው ጣሪያው ላይ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቅና ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ከውጭ ከተቆለፈች መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። እናቴ መነጽሯን ስታወልቅ ለእሱ ሌባ ገባ ማለት ነው!

መፍትሄው ማኑዋሉ ውስጥ ነበር (ማን ያነበዋል?)። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ከመቆለፌ በፊት ሴንሰሩን የሚያጠፋውን በተን እጫናለሁ። የእኔ ጣሪያው መብራት አጠገብ ነው፤ አንዳንዶች ላይ ስክሪኑ ሜኑ ውስጥ ይገኛል። የበሮቹ አላርም እንደበራ ይቆያል። ሞተሩ ሲነሳ ሴንሰሩ በራሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጫን ግድ ነው። ትንሽ ያሰለቻል።

ከጩኸቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አንዳንድ መኪኖች ከውጭ ሲቆለፉ ድርብ ይቆለፋሉ፤ የውስጡን እጀታ ቢስቡትም በሩ አይከፈትም። የእኔ ላይ ሴንሰሩ ሲጠፋ ይሄም አብሮ ይጠፋል፤ ሁሉም ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ውስጥ ሆናችሁ በሪሞት ቆልፉና እጀታውን ሞክሩት።

ለአጭር ጊዜ ከሆነ የሚቀል ዘዴ አለ፦ ወጥቼ በሩን ስዘጋ እናቴ ከውስጥ የመቆለፊያውን በተን ትጫናለች። የእኔ መኪና ላይ ያኔ አላርሙ ጭራሽ አይበራም፤ በሩም ከውስጥ ይከፈታል።