ከዝግ መደርደሪያ ጀርባ ሆኖ ለሰፈር አንባቢ መጽሐፍ መምረጥ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ፣ በወጣት ማዕከል ወይም በወረዳ ግቢ ውስጥ በተከፈተ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገነዘባል። ከሚገቡት አብዛኞቹ ደብተራቸውን ይዘው ለፈተና ለማጥናት የመጡ ናቸው፤ የሚፈልጉትም ወንበሩንና ጸጥታውን ነው። በዚያ ላይ መደርደሪያው ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው፤ አንባቢው መታወቂያውን አስይዞ የመጽሐፉን ስም ይናገርና ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ስሙን የማያውቀውን መጽሐፍ ሊጠይቅ ስለማይችል፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከጓደኛ የሰማቸውን ሁለት ሦስት ርዕሶች ደጋግሞ ይጠራል፤ እነርሱ በሌላ ሰው እጅ ከሆኑም «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ቤት አንባቢው የሚያየው ባለሙያው የነገረውንና ያወጣለትን ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀርበው ምርጫ ጠባብ ከሆነ የቤቱ ሀብት ሁሉ ጠባብ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያ ጠረጴዛ ዘንድ ለተቀመጣችሁና ለምትረዷቸው በጎ ፈቃደኞች ነው።

ሥራው የሚጀምረው አንባቢ ከመምጣቱ በፊት፣ ያላችሁን በማወቅ ነው። ሁሉንም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይቻልም፤ ነገር ግን በየቀኑ አንድ መጽሐፍ አውጥቶ መግቢያውን፣ ማውጫውን፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾችና ከመካከል አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ ከዚያም «ይህ መጽሐፍ ለማን ይሆናል?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በመዝገብ ላይ ማስፈር ይቻላል። መልሱ የሚያውቁትን ዓይነት ሰው የሚያስታውስ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ «ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ለምትመላለስ ሠራተኛ» ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ «ጥሩ ልብ ወለድ» ከሚለው እጅግ ይጠቅማል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አምስት ሕጎች መካከል አንዱ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ እንዲገኝ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው እንዲገኝ ያዝዛል፤ ይህን ሁለተኛውን እንረሳዋለን። ስለዚህ ከመጣ ጀምሮ ማንም ያላወጣውን መጽሐፍ ለይታችሁ በምታነቧቸው ውስጥ አስገቡ። በዚሁ አጋጣሚ ገጾቹ የተሟሉ መሆናቸውንም አረጋግጡ፤ ፎቶ ኮፒ ሆነው የሚሸጡ መጻሕፍት ስለበዙ ገጽ የጎደለው ወይም ቀለሙ የደበዘዘ ቅጂ ለአዲስ አንባቢ ከተሰጠ ያ ሰው ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል።

አንባቢውን «ምን ዓይነት መጽሐፍ ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ሰዉ ያፍርና «ልብ ወለድ» ወይም «ታሪክ» ብሎ ይገላገላል። ይልቁንም በመጨረሻ እስከ ዳር የጨረሰው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ፣ መጽሐፍ ከሌለ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ሳያቋርጥ የተከታተለው ትረካ ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ቀጥሎም ከውስጡ ያስቀረለትን ነገር ጠይቁት። አንዱ የታሪኩን ፍጥነት፣ ሌላው አንድን ገጸ ባሕርይ፣ ሌላው አገሩንና ዘመኑን፣ ሌላው ደግሞ ቋንቋውን ይነግራችኋል። ከእነዚህ አንዱን ካወቃችሁ የዘርፍ ወሰን አያስፈራችሁም፤ ቋንቋ የሚወድ ሰው ከልብ ወለድ ወደ ግጥም፣ ከግጥምም ወደ ትዝታ መጽሐፍ በቀላሉ ይሻገራልና።

በአንድ የጋራ መኖሪያ ግቢ ሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ወደ ጠረጴዛው ቀርበው የጦርነት ታሪክ ጠየቁ። «ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው ያነበቡት የትኛውን ነው?» ሲባሉ «የጳውሎስ ኞኞን አጤ ምኒልክ» አሉ። «ከውስጡ ምኑ ነው የያዝዎት?» ለሚለው የሰጡት መልስ ግን ከጦርነት ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ «ልጄ፣ ያኔ ሰው ምን ይበላ እንደነበር፣ ስልክ ሲገባ ሰው ምን እንዳለ፣ እሱ ነው ደስ ያለኝ» አሉ። እኚህ ሰው የሚፈልጉት የድሮ ሰው ኑሮ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት መጻሕፍት ተቀመጡላቸው፤ የዚያው ደራሲ «አጤ ቴዎድሮስ»፣ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ሰምተው የጻፉት የአለቃ ለማ ኃይሉ «መጽሐፈ ትዝታ»፣ ሦስተኛውም የአዳም ረታ አጫጭር ልብ ወለዶች የተሰበሰቡበት «አለንጋና ምስር»። እርሳቸው የወሰዱት ሁለተኛውን ነበር።

ሦስት መጻሕፍት የማቅረብ ልማድ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር ነው። የመጀመሪያው አንባቢው ከሚያውቀው ጋር የሚቀራረብ፣ ሁለተኛው በአንድ ነገር የሚመሳሰልና በሌላው የሚለይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ፈጽሞ የማይጠይቀው ይሁን። አንድ ብቻ ከሰጣችሁት ትእዛዝ ይመስለዋል፤ አሥር ከደረደራችሁለት ይደነግጣል። ሦስቱን በእጁ ይዞ ገልጦ እንዲያይ ጊዜ ስጡት፤ ስለ እያንዳንዱም ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አትናገሩ፤ መጨረሻውንም አትንገሩት። የተለያየ ምርጫ ማለት መደርደሪያው ላይ ብዙ ዓይነት መኖሩ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰው ፊት፣ በአንድ ጊዜ፣ ብዙ ዓይነት መቅረቡ ነው፤ ይህንን በልበ ሙሉነት እናገራለሁ፤ አንባቢ ከለመደው ዘርፍ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነውና።

በአሁኑ ጊዜ ወጣቶች አጥብቀው የሚጠይቁት «የሥነ ልቡና» የሚሉትን የስኬት ምክር መጽሐፍ ነው። ይህን ፍላጎት መናቅ አይገባም፤ ኑሮውን ለማሻሻል የሚታገል ወጣት መንገድ ቢፈልግ ትክክል ነው። የጠየቀውን ስጡትና በአጠገቡ የአንድ ሰው ሕይወት ታሪክ አስቀምጡለት። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» ለዚህ ያገለግላል፤ በልጅነቱ ሩሲያ ሄዶ የተማረ፣ በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በማርቀቅ የተሳተፈና «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የጻፈ ሰው እንዴት እንደወጣና እንደወደቀ በራሱ ብዕር ያሳያል። ምክር ያለ ሕይወት ሲነበብ ቶሎ ይሰለቻል፤ ሕይወት ግን ምክሩን ራሱ ይዞ ይመጣል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስለ አብዮቱ ዘመን ሲጠየቅ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ወንድሙን ያጣ፣ ታስሮ የወጣ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገለ፣ ሁሉም ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ ልጆቻቸውም ስለዚያ ዘመን የሚያውቁት ከቤታቸው የሰሙትን ወገን ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ አንድ መጽሐፍ ብቻ ማውጣት ወገን መያዝ ይሆናል። የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ» ለጠየቀ ሰው ከኢሕአፓ ወገን የተጻፈ መሆኑን ንገሩትና፣ ከመኢሶን ወገን የተጻፈውን የአንዳርጋቸው አሰግድን «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»፣ ከደርግ ባለሥልጣናት ደግሞ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» አብራችሁ አሳዩት። በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ከሆነ በወጣትነቷ በትግሉ ውስጥ ያለፈችው የሕይወት ተፈራ «ታወር ኢን ዘ ስካይ» አመራሩ ካየው የተለየ ገጽታ ታሳየዋለች። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም በ1975 ዓ.ም. የወጣ ልብ ወለድ ሆኖ ሳለ የዘመኑን መንፈስ ለማሳየት ከእነዚህ ጋር ቢሰለፍ አያንስም። ማን ትክክል እንደነበር ግን አትናገሩ፤ ብትጠየቁም «አንብበው ሲጨርሱ የእርስዎን ሐሳብ ንገሩኝ» በሉ። በሃይማኖት መጻሕፍትም እንዲሁ፤ የተጠየቀውን በአክብሮት ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ሳይጠየቁ የራስን እምነት መጽሐፍ መጨመር ግን ተገቢ አይደለም።

መጻሕፍትን በይዘታቸው በቁጥር በሚከፍለው በዴዊ አመዳደብ መሠረት የተደራጀ ቤት ካላችሁ፣ በወሩ መጨረሻ የወጡትን መጻሕፍት በመቶ ቤታቸው ብትቆጥሩ ብዙዎቹ በ800 (ሥነ ጽሑፍ) እና በ900 (ታሪክ) እንደሚወድቁ ትመለከቱ ይሆናል። በ300 ያሉት የሕግና የማኅበራዊ ጉዳይ፣ በ600 ያሉት የጤና፣ የግብርናና የሙያ መጻሕፍት ግን አንባቢ እያላቸው ሳይጠሩ ይቀራሉ። በግቢዋ ዶሮ የምታረባ እናት ወይም የልብስ ስፌት የጀመረ ወጣት ስለ ሥራው የተጻፈ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል ብሎ አያስብም። ወሬ ስትጀምሩ የሚሠሩትን ሥራ ጠይቋቸው። እዚህ ላይ ግን የዕድሜ ጉዳይ አለ፤ የልብ ወለድ እርጅና ጉዳት የለውም፤ ያረጀ ሕግ ግን ሰው ያስከስሳል። ስለ ሥራ ውሉ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ቁጥር 377/1996 የሆነውን የቀድሞ አዋጅ ይዞ እንዳይሄድ፣ በምትኩ አሁን የሚሠራበትን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስጡት። ስለ ጋብቻ የሚጠይቅም ቢሆን፣ በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ ከወሰኑ ወዲህ ወይም ወዲያ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። የመድኃኒትና የሕክምና መጻሕፍት የታተሙበት ዓመትም ሁልጊዜ ይታይ። ከ2015 ዓ.ም. በፊት ለነበረው ሥርዓተ ትምህርት የታተሙ መማሪያ መጻሕፍትን ደግሞ ለተፈታኝ ስትሰጡ የቀድሞው መሆናቸውን ሳትነግሩ አታሳልፉ።

በከተማዋ ዳርቻ አፋን ኦሮሞ የሚናገር አንባቢ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱ በዚያ ቋንቋ ሊሆን ይገባል። ከ1984 ዓ.ም. በፊት የተማሩ አንዳንድ ሰዎች ቋንቋውን አሳምረው እያወቁ ቋንቋው አሁን የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤን፣ ለማንበብ ሊቸገሩ ስለሚችሉ፣ ሳታሳፍሩ በቁቤም በግእዝ ፊደልም የተጻፈውን አሳዩአቸው።

የመጽሐፉ ርዝመት ከማዋሻ ደንባችሁ ጋር መስማማት አለበት። ወደ ቤት የማታውሱ ከሆነ፣ ለአንድ ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ከአምስት መቶ ገጽ የሚበልጠውን «ፍቅር እስከ መቃብር» መስጠት ጅምሩን ብቻ አስነብቦ መመለስ ነው፤ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ አጭር ልብ ወለድ ወይም ግጥም ይሻለዋል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»ም አጭር ስለሆነ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ወደ ቤት የምታውሱ ከሆነ ግን ረጅሙን አትፍሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በስልክ ሲያዳምጥ ያደገ ሰው ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሳን አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ መጽሐፉን ሲይዝ የሚያውቀውን ድምፅ ስለሚሰማ ርዝመቱ አይከብደውም። ለሕፃናት ሲሆን ደግሞ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ጮክ ብሎ ቢነበብ ይመረጣል፤ ግጥሞቹ ለጆሮ የተሠሩ ናቸውና አያትም ሆነች ታላቅ እህት ልታነብላቸው ትችላለች።

መጽሐፉ ሲመለስ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀጣዩን ምርጫ ይወስናል። «ወደዱት?» ካላችሁ ሰዉ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላችኋል፤ በተለይ እናንተ የመረጣችሁለት ከሆነ። ይልቁንም የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ፣ ከሰዎቹ መካከል የትኛው እንዳናደደው ወይም እንዳሳዘነው ጠይቁት። ገጽ ሠላሳ ላይ ትቶት ከሆነ ደስ እንዲለው አድርጉ፤ «እንግዲያው ይህ ለእርስዎ አልሆነም፣ ሌላ እንፈልግ» ብላችሁ ወዲያው ተነሡ። የተነገራችሁን በመዝገባችሁ ላይ በመጽሐፉ ስም ሥር ጻፉት፤ የአንባቢውን ስም ግን አትጻፉ፤ ማን ምን እንዳነበበ የሰፈር ወሬ ሊሆን አይገባም። ፈቃደኛ የሆነ አንባቢ ካለ፣ አስተያየቱን በራሱ እጅ ሁለት መስመር ጽፎ በሽፋኑ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ጠይቁት፤ የጎረቤት ጽሑፍ ከባለሙያ ምክር ይልቅ የሚያሳምነው ሰው ብዙ ነው። ዝግ መደርደሪያ ያላችሁም ብትሆኑ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ስምንት ያህል መጻሕፍት ሽፋናቸው ወደ አንባቢው ዞሮ እንዲቆሙ አድርጉ፤ በየሳምንቱም ቀይሯቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ የሙያ ወይም የሕግ፣ አንዱ የግጥም፣ አንዱ የልጆች ይሁኑ።

የተጠየቀው መጽሐፍ ከሌላችሁ «የለም» ብላችሁ አታሰናብቱ። ተቀራራቢውን አቅርቡ፤ እርሱም ካልሆነ አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም በ1936 ዓ.ም. ወደተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እንዲሄድ ርዕሱንና ደራሲውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ከዳርቻ ሰፈር መሐል ከተማ ድረስ የትራንስፖርት ወጪ አውጥቶ የሚሄድ ሰው ስሙን አዛብቶ ባዶ እጁን እንዳይመለስ። የጠየቀውንም በተለየ ገጽ ላይ መዝግቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በሚያዝያ ወር ያንን ገጽ አውጡና ደጋግመው የተጠየቁትን ርዕሶች ከደራሲያቸውና ከጠያቂዎቹ ብዛት ጋር ለግዥ ክፍሉ በጽሑፍ አስገቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም በፋይላችሁ ያዙ።