ሲፓፕ ይዞ ጓሳ ማደር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንዝ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክለን ባደርንበት የመጀመሪያ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፓፔ ጸጥ አለ። ሲፓፕ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው በማስክ በኩል አየር የሚነፋ ማሽን ነው። ማስኩ ፊቴ ላይ እንዳለ ታፍኜ ነቃሁ። ጓደኛዬ ቀድሞኝ ነቅቷል፤ ማንኮራፋቴ አላስተኛውም። ባትሪውን ረገምኩት። ጥፋቱ ግን የራሴ ሂሳብ ነበር።

ባትሪው ላይ የተጻፈውን ሁሉ እንደሚያገኙ ማሰብ። የያዝኩት 12 ቮልት፣ 40 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ሲባዛ 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ 240ውን ብቻ ያስቡ። ከዚያ ላይ ብርዱ የራሱን ይቆርጣል፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጠፋል።

የሚነፋውን አየር የሚያረጥበውን የማሽኑን ውሃ ማሞቂያ ሳያጠፉ መተኛት። ያን ሌሊት የጎዳኝ ይህ ነው። ብዙውን ኃይል የሚበላው አየር የሚነፋው ሞተር ሳይሆን ውሃውንና ቱቦውን የሚያሞቀው ክፍል ነው። ማሽንዎ ከነማሞቂያው 50 ዋት፣ ያለ ማሞቂያው 15 ዋት ይወስዳል እንበል፦ ለስምንት ሰዓት እንቅልፍ 400 እና 120 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ያጥፉት። አፍ ቢደርቅ ውሃ ይጠጣል።

በኢንቨርተር መጠቀም። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ከፍ አድርጎ፣ የማሽኑ ቻርጀር ደግሞ መልሶ እንዲያወርደው ማድረግ ኃይል ማባከን ነው። ለሞዴልዎ የተሠራ፣ የባትሪውን ኃይል ያለ ኢንቨርተር ለማሽኑ የሚያቀብል የዲሲ መቀየሪያ ይፈልጉ። ማሽኑ 24 ቮልት የሚል ከሆነ 12 ቮልቱን በቀጥታ አይሰኩበት።

ጋቢውን ማሽኑ ላይ መደረብ። ጋቢ የሚለብሰው ባትሪው ነው፤ የማሽኑ አየር መሳቢያ መታፈን የለበትም። ቱቦውን ብርድ ልብስ ውስጥ ቢያሳልፉት ውስጡ ጤዛ አይቋጥርም። ሊቲየም ባትሪ የያዛችሁ ደግሞ፣ በውርጭ ማለዳ ሶላሩን ለመሰካት አትቸኩሉ። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል። ፀሐይ ይሙቀው መጀመሪያ።

ከፍታውን መርሳት። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሬስሜድ ኤርሴንስ 10 የተባለው ሲፓፕ፣ ለምሳሌ፣ እንዲሠራ የተፈተነው እስከ 2,591 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን እንኳ ከዚያ በላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የታዘዘውን ግፊት ለመስጠት ይበልጥ ይለፋል። እንቅልፍ ላይ የሚቋረጠው ትንፋሽም በከፍታ ሊባባስ ስለሚችል ሳትሄዱ ሐኪማችሁን አማክሩ። ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ የሚል መልስ እዚህ አይሠራም፤ እኔም ብዬው ነበር።

ከሰል ድንኳን ውስጥ ማስገባት። በፍጹም። ሲፓፕ አየር አይሠራም፣ አያጣራም ማለት ይቻላል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ስቦ ነው የሚነፋላችሁ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ አለ፣ ማጣሪያውም አያስቀረውም። ለጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ለሚያድርም ያው ነው።

ቤት ሳይሞክሩ መሄድ። ሁለተኛ ከመሄዴ በፊት ደብረ ብርሃን ቤቴ፣ ያንኑ ባትሪ ውጭ በረንዳ ላይ አሳድሬ፣ ማሞቂያውን አጥፍቼ ተኛሁበት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነቃ ገና ይነፋ ነበር።