ጊት ላይ «ሰረዝ ኤን»ን በደንብ እወቋት

የኮድ ለውጦችን መመዝገቢያ የሆነውን ጊት የምትጠቀሙ ሁሉ፣ ከትእዛዝ ጋር በምትጻፈው ሰረዝ ኤን (-n) ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ፊደል ናት፣ ትርጉሟ ግን እንደ ትእዛዙ ይለያያል። ክሊን፣ አድ እና ፑሽ በሚባሉት ትእዛዞች ላይ «ድራይ ረን» (የሙከራ ሩጫ) ማለት ናት፤ ምንም ሳትነካ ምን ሊሆን እንደሚችል ብቻ ታሳያችኋለች። ሎግ ላይ ስንት ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) እንደሚታይ መወሰኛ ናት። አደገኛዋ ኮሚት የሚባለው ትእዛዝ ላይ ያለችው ነች! እዚያ «ኖ ቬሪፋይ» (አትፈትሽ) ማለት ስለሆነች፣ ሙከራ ነው ብላችሁ ስትጽፏት ኮሚቱ የእውነት ይመዘገባል፣ ያውም ኮዱን ቀድመው እንዲፈትሹ ያዘጋጃችኋቸው ሁኮች (በራሳቸው የሚነሱ ስክሪፕቶች) ሳይሠሩ። ስለዚህ ሙከራ ስትፈልጉ በሁለት ሰረዝ ሙሉውን ድራይ ረን ብላችሁ ጻፉ፣ በተለይ ስክሪፕት ውስጥ። ከተጠራጠራችሁ ከትእዛዙ ስም ቀጥሎ ሰረዝ ኤች በሉ፤ የአማራጮቹ ዝርዝር ከነትርጉሙ ይወጣላችኋል።