ለቤት ሲኒማ ዩፒኤስ ሲመረጥ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

መብራት በድንገት ሲጠፋ በእርግጥ የሚጎዱት የቤት ሲኒማ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ፋይል እየጻፈ ያለ ሃርድ ዲስክ፣ በጋለ አምፖል የሚሠራ ፕሮጀክተር፣ እንዲሁም ሶፍትዌሩን በማደስ ላይ ያለ ቴሌቪዥን ወይም አምፕሊፋየር። ስፒከሩ ዝም ቢል ከብስጭት በቀር የሚያስከትለው ነገር የለም። ሆኖም ብዙ ሰው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ዕቃዎችን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ሲገዛ ይህን ሳይለይ፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይመርጥና ሳሎን ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰካበታል። ከታች ከተጠቀሱት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ስለዚህ አዲስ ሊገዛ ያሰበም ሆነ የገዛው አልሠራ ያለው ሰው ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ ቢሄድ፣ ገንዘቡን ያለ ቦታው ከማውጣት ይድናል።

ፊልሙ ጸጥ ሲል ሰላም ነው፣ ፍንዳታ ሲመጣ ዩፒኤሱ ይጮኻል

ምክንያቱ ከአቅም በላይ ጭነት ነው። ዩፒኤስ የሚሸጠው በቪኤ፣ ማለትም ቮልቱ በአምፔር ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ ዕቃዎቻችን ጀርባ ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋት ነው። በርካሽ ሞዴሎች ላይ ዋቱ ከቪኤው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 1000 ቪኤ ተብሎ የተሸጠው የሚሸከመው 600 ዋት ነው። በዚህ ላይ የሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር፣ ጠባይ ይጨመርበታል፤ ሰዎች በሚነጋገሩበት ትዕይንት ጥቂት ዋት ብቻ እየበላ ይቆይና፣ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ለቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ሊስብ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት 650 ቪኤ ነበር። ፕሮጀክተሩን፣ አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን ሰካሁበት፤ በሦስተኛው ቀን መብራት ሲጠፋም ፊልሙ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ሁለት ሰዎች በዝግታ የሚያወሩበት ትዕይንት ስለነበር ደስታዬ የቆየው ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ረጅም የማያቋርጥ ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ ክፍሉ ድቅድቅ አለ፤ ከቀይዋ የጭነት ምልክት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። 650 በ0.6 ሲባዛ 390 ዋት ብቻ እንደሚሆን ያሰላሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩን የፕሮጀክተሩ አምፖል ብቻውን ይበላው ነበር።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ፣ ሶኬት ላይ በሚሰካ የዋት መለኪያ እያንዳንዱ ዕቃ ሲሠራ የሚበላውን መለካት ነው፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ከፍተኛውን ስለሚናገር፣ በተለይ በአምፕሊፋየር ላይ፣ ከእውነተኛው ፍጆታ በብዙ ሊርቅ ይችላል። እንደ ግምት ያህል፣ 55 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን 100 ዋት አካባቢ፣ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከ200 እስከ 350 ዋት፣ ራውተር 10 ዋት ገደማ ይበላሉ። ድምሩ ላይ 25 ወይም 30 በመቶ ጨምሮ ከዩፒኤሱ ዋት ጋር ማነጻጸር ይገባል፤ ቪኤውን ለሻጩ መተው ነው። ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠቅማል፤ ሰብዉፈሩንና ትልቁን አምፕሊፋየር ከባትሪው ማውጣት። ባትሪ የሌላቸው፣ ከኃይለኛ ቮልቴጅ ብቻ የሚከላከሉ ሶኬቶች በብዙ ዩፒኤሶች ላይ ይገኛሉና ለእነሱ የሚበቃቸው ያ ነው። አምፕሊፋየሩን የግድ በባትሪ ማሠራት የሚፈልግ ሰው፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው ዕቃ ሲበራ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ እንደሚስብ ያስታውስ፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንጂ ባንድ ጊዜ አያብራ።

መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ይቀጥላል፣ የጌም ኮንሶሉ ወይም ኮምፒውተሩ ግን ድርግም ይላል

ከሁሉ በፊት የትኛው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይታይ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ ባትሪ በሌለው በኩል የተሰካ ዕቃ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ በጣም የተለመደው ነው፤ ሁለቱ ረድፎች ይመሳሰላሉ፣ ልዩነቱን የሚናገረው ጽሑፍ ደግሞ ደቃቃና ወደ ግድግዳው የዞረ ነው።

ሶኬቱ ትክክል ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሞገዱ ቅርጽ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ለስላሳ በሆነ ሞገድ፣ ሳይን ዌቭ በሚባለው፣ ከፍና ዝቅ ይላል። ርካሽ ዩፒኤስ ግን በባትሪ ሲሠራ ይህን ሞገድ በደረጃ መልክ ያስመስለዋል፤ ሻጮች የተሻሻለ ወይም የተመሰለ ሳይን ዌቭ የሚሉት ይህንኑ ነው። ለራውተርና ለቀላል ቴሌቪዥን ይበቃል። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች፣ የጌም ኮንሶሎችና ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው፣ የሚስበውን ኮረንቲ ከሞገዱ ጋር እያስተካከለ የሚሄደው የኃይል ክፍል ግን ከግድግዳ ወደ ባትሪ በሚደረገው ሽግግር ላይ ከወትሮው የበዛ ኮረንቲ ሊስብ፣ ዩፒኤሱም ከአቅም በላይ ጭነት አድርጎ ቆጥሮት ሊዘጋ ይችላል። ሽግግሩ ራሱም ጊዜ ይወስዳል፤ በተለመዱት ሞዴሎች ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ደህና የኃይል ክፍል ይህን ክፍተት ይሻገራል፤ ያረጀ ወይም እስከ አቅሙ ጫፍ የተጫነ ላይሻገር ይችላል።

መፍትሔው ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ ዩፒኤስ መምረጥ ነው። ከሦስቱ ዓይነቶች የመጀመሪያው፣ መብራት እስኪጠፋ ቆሞ የሚጠብቀው፣ ርካሹ ነው። ሁለተኛው ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ሲሆን፣ የወረደን ወይም ከፍ ያለን ቮልቴጅ ባትሪውን ሳይነካ ያስተካክላል። ሦስተኛው ኦንላይን የሚባለው ነው፤ ኤሌክትሪኩን ሁልጊዜ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ለውጦ እንደገና ስለሚሠራው የሽግግር ክፍተት የለውም። አንዳንድ መካሪዎች ውዱን ገዝቶ መገላገል ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ለቤት ሲኒማ አልስማማም። ኦንላይኑ ማራገቢያው ያለማቋረጥ ይዞራል፣ ይሞቃል፣ መብራት ባልጠፋበት ቀን ሁሉ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የፊልሙን ጸጥታ ለመጠበቅ የተገዛ ዕቃ ራሱ ጸጥታውን ይሰብራል። ንጹሕ ሳይን ዌቭ ያለው ላይን ኢንተራክቲቭ ለአብዛኛው ሰው ተገቢው ነው።

ከገዙ በኋላ መሞከር ያስፈልጋል። ስፒናውን ከግድግዳ ነቅሎ መሞከር የተለመደ ቢሆንም፣ ስፒናው ሲነቀል የመሬት ሽቦውም አብሮ ስለሚለቀቅ የዚያን መስመር ብሬከር ማውረድ ይሻላል። ሙከራው ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከሞላ በኋላ ይሁን፤ ለዚህም አዲስ ዩፒኤስ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተሰክቶ መቆየት ሊያስፈልገው ይችላል።

ስፒከሩ ወይም አምፕሊፋየሩ ዝዝ ይላል

እዚህ ላይ ድምፁ መቼ እንደሚሰማ መለየት ምክንያቱን ግማሽ በግማሽ ይነግራል። ዝዝታው የሚሰማው ዩፒኤሱ በባትሪ ሲሠራ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የዚያው የደረጃ ሞገድ ነው፤ የሞገዱ ስለታም ጠርዞች የአምፕሊፋየሩን ትራንስፎርመር ያንቀጠቅጡታል፣ ጆሮን ወደ ሣጥኑ ጠጋ ቢያደርጉ ድምፁ ከስፒከሩ ሳይሆን ከብረቱ እንደሚመጣ ይታወቃል። መፍትሔው ወይ አምፕሊፋየሩን ከባትሪ ማውጣት፣ ወይ ዩፒኤሱን በንጹሕ ሳይን ዌቭ መለወጥ ነው።

መብራት እያለም ከስፒከሩ ወፍራም የማያቋርጥ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ግን ዩፒኤሱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ይህ ዕቃዎቹ በተለያየ መንገድ ከመሬት ሽቦ ጋር ሲገናኙና በመካከላቸው ባለው የድምፅ ኬብል ላይ ትንሽ ኮረንቲ ሲዞር የሚፈጠር ነው፤ የሚሰማውም የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ፣ ከእጥፎቹ ጋር ነው። ሰብዉፈሩ ከሌላ ግድግዳ፣ አምፕሊፋየሩ ከዩፒኤሱ ሲሰኩ ይህ በቀላሉ ይከሰታል። ሁሉንም ወደ አንድ የግድግዳ ሶኬት ማምጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ደግሞ የአንቴናውን ወይም የኬብል ቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅሎ ድምፁ ይጠፋ እንደሆነ ማየት ነው፤ ከጠፋ በዚያ ገመድ ላይ የመሬት ግንኙነቱን የሚለይ መሣሪያ (አይሶሌተር) ማስገባት መፍትሔ ይሆናል። የስፒናውን የመሬት እግር መቁረጥ ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል፤ ነገር ግን በዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ሣጥኑን የነካ ቀን መሬቱ የሚሆነው የነካው ሰው ነው። ይህን በፍጹም አታድርጉ።

መብራት አለ፤ ዩፒኤሱ ግን በየጊዜው ቀጭ እያለ ወደ ባትሪ ይሄዳል

ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት መስመር ላይ ማስተካከያ የሌለው ዩፒኤስ፣ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ከባትሪው መበደር እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም። ባትሪው በቀን ብዙ ጊዜ እየተነካ በአጭር ጊዜ ያረጃል፤ የቁርጥ ቀን ሲመጣም ባዶ ሆኖ ይገኛል። ላይን ኢንተራክቲቩ ያለው ጥቅም በዚህ ጊዜ ነው የሚታየው። ችግሩ የሚታየው በጀነሬተር ሲሠራ ብቻ ከሆነ፣ የጀነሬተሩ ድግግሞሽ ስለማይረጋ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ ዩፒኤሱ ለትንሽ ለውጥ ሁሉ ወደ ባትሪ እንዳይሄድ ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ የሚያደርግ ቅንብር አለና እሱን መሞከር ይገባል።

ድሮ ሩብ ሰዓት ይቆይ የነበረው አሁን አንድ ደቂቃ አይሞላም

ባትሪው አርጅቷል። በአብዛኞቹ የቤት ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው የታሸገ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ያሳጥረዋል። የባትሪ ሠሪዎች ዕድሜውን የሚያሰሉት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ዩፒኤሱን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ለዚያውም ከአምፕሊፋየሩ በላይ ማስቀመጥ በዚህ ምክንያት መጥፎ ልማድ ነው።

የእኔው ባትሪ ከዚሁ ዓይነት ቁም ሣጥን የወጣው በአራተኛው ዓመት ነው፤ ወጣ ከተባለ። ሁለቱ ጎኖቹ አብጠው ከመቀመጫው ጋር ተጣብቀው ስለነበር ለመሳቢያ በተሠራለት ሪባን ብስበው ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ሲሆን በብሎን መፍቻ ፈልቅቆ ማውጣት አሲዱን ሊያፈስ ወይም ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝ ስለሚችል፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅሎ ሣጥኑን በጎኑ በኩል በጥንቃቄ መፍታት ይሻላል። አዲሱ ባትሪ ቮልቱና አምፔር ሰዓቱ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ ሁለት ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይለወጡ። ለእርሳስ ባትሪ በተሠራ ዩፒኤስ ውስጥ የሊቲየም ባትሪ ማስገባት፣ የሙሌቱ ሥርዓት ስለሚለያይ፣ አይመከርም።

ባትሪው አዲስ ሆኖ የቆይታው ጊዜ አሁንም ያነሰ ከመሰለ፣ ስሕተቱ ያለው ከስሌቱ ላይ ነው። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ነው፤ 300 ዋት ሲጫንበት 17 ደቂቃ ያህል ይሰጣል ብሎ ማሰብ ግን አይቻልም። የባትሪው አቅም የተለካው በ20 ሰዓት በዝግታ ሲፈስ ነው፤ በፍጥነት ሲፈስ ከግማሹ ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ 5 ደቂቃ ከቆየ ጥሩ ነው። ያው ባትሪ 20 ዋት ለሚበሉ ለራውተርና ለፊልም ማጫወቻዋ ትንሽ ሣጥን ቢተው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል።

መብራት ከመጣ በኋላ ፕሮጀክተሩ አልበራ ይላል

በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የሜርኩሪ አምፖል ሲጋል ውስጡ ያለው ግፊት በጣም ስለሚጨምር እስኪበርድ ድረስ ዳግም አይለኮስም፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ እንጂ ደጋግሞ መጫን አይጠቅምም። ጉዳቱ ያለው መብራቱ ሲጠፋ ማራገቢያው አብሮ መቆሙ ላይ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ አምፖሉ ላይ ይቀመጣል። ዩፒኤሱ እዚህ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ማሳየት አይጠበቅበትም፤ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ማራገቢያው ሥራውን ጨርሶ እስኪቆም የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ከሰጠ ተልእኮውን ፈጽሟል። በሌዘር ወይም በኤልኢዲ የሚሠራ ፕሮጀክተር ያለው ሰው በዚህ ያን ያህል አይጨነቅ።

ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት መብራት ጠፍቶ የፊልም ማስቀመጫው ዲስክ ተበላሸ

ዩፒኤሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ለኮምፒውተሩ የነገረው አልነበረም። ከዩፒኤሱ ጀርባ ያለው የዩኤስቢ ገመድ ለዚህ ነው የተሠራው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከካርቶኑ ሳይወጣ ይቀራል። ገመዱን ሰክቶ፣ መብራት ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ወይም ባትሪው 40 በመቶ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ማዘዝ ይበቃል።

ዩፒኤሱ ላይ ዲቫይደር ከተሰካ ወዲህ ችግር በዛ

ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅን የሚከላከል ዲቫይደርን ከዩፒኤሱ በኋላ መሰካት የብዙ አምራቾች መመሪያ የማይፈቅደው ነገር ነው። ሶኬት ካነሰ፣ መከላከያ የሌለውን ተራ ዲቫይደር ተጠቅሞ ድምሩ ከዩፒኤሱ ዋት እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይቻላል። አንዱን ዩፒኤስ በሌላው ላይ መሰካትም እንዲሁ አይደረግም።

ዩፒኤሱ ፊልሙ መሐል በየጥቂት ሰከንዱ ይጮኻል

በባትሪ እየሠራሁ ነው ማለቱ ነው። በብዙ ሞዴሎች የማብሪያው ቁልፍ ለአጭር ጊዜ ተጭኖ ሲለቀቅ ወይም ከኮምፒውተሩ ፕሮግራም ላይ ሲታዘዝ ዝም ይላል። ጩኸቱ እየፈጠነ ሲሄድ ግን ባትሪው ሊያልቅ ነውና ፕሮጀክተሩን የማጥፊያው ሰዓት ያ ነው።