«ተውኩት» እና «አልቀበልም» በእንግሊዝኛ፦ ግሱን እንዴት እንምረጥ?

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ ለብዙ ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚቀጠረው፣ ለስኮላርሺፕ የሚያመለክተው ሁሉ ይፈልገዋል። ሰላምታውና ዋጋው ላይ ችግር የለም። «ተውኩት»፣ «ለቀቅኩ»፣ «አልቀበልም» ላይ ሲደረስ ግን ብዙው ሰው ይያዛል። ደብዳቤ ላይ ሲሆን ደግሞ ያልሆነ ግስ ሰው ያስቀይማል። ረጅም ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም። ከአንድ ጥያቄ ተነሱ።

ነገሩ በእጃችሁ ነበር ወይስ ገና እየቀረበላችሁ ነው? መጀመሪያ ይህን ለዩ። በእጃችሁ የነበረውን ስትተዉ ጊቭ አፕ፣ ኩዊት፣ ሪዛይን፣ አባንደን ይመጣሉ። የቀረበላችሁን ስትመልሱ ደግሞ ሪፊዩዝ፣ ዲክላይን፣ ሪጀክት፣ ተርን ዳውን። ስትሠሩበት የቆያችሁትን ሥራ ከለቀቃችሁ ኩዊት ነው። ተቀጥራችኋል ተብላችሁ ሳትጀምሩ «ይቅርብኝ» ካላችሁ ተርን ዳውን ነው። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ቀጣሪው ያልነበራችሁበትን ሥራ የለቀቃችሁ አድርጎ ይረዳችኋል።

ቀጥሎ ምን እንደተዋችሁ ተመልከቱ። ልማድ ከሆነ ጊቭ አፕ ወይም ኩዊት ጥሩ ነው። ጫት ያቆመ ሰው «አይ ጌቭ አፕ ቹዊንግ ጫት» ይላል። ኃላፊነት ከሆነ ሪዛይን ነው። ቀድሞ ሐዋሳ ተቀምጠው ደቡብ ክልልን ይመሩ የነበሩት ኃይለማርያም ደሳለኝ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሲለቁ ያደረጉት ሪዛይን ነው። ኩዊት የጋዜጣ ርዕስ ላይ ለአጭርነቱ ይገባል። በመልቀቂያ ደብዳቤያችሁ ላይ ግን አታስገቡት። ንጉሥ ዙፋኑን ሲለቅ የራሱ ግስ አለው፦ አብዲኬት። የእንግሊዙ ኤድዋርድ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ያደረገው ይህንን ነው። አባንደን ከበድ ይላል። ልጅን፣ መኪናን ወይም የተጀመረ ሕንፃን ጥሎ መሄድ ነው።

ለስኮላርሺፕ የምታመለክቱ ሁለት ግሶችን ጨምሩ። ማመልከቻችሁን ራሳችሁ ስታነሱ ዊዝድሮ ነው። ዩኒቨርሲቲው የማመልከቻ ክፍያውን ሲተውላችሁ ደግሞ ዌይቭ። የመጠየቅ መብት እያለው ተወላችሁ ማለት ነው።

ማቋረጥና ተስፋ መቁረጥም አንድ አይደሉም። እዚሁ ሐዋሳ ሪዞርት ያለውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት ውድድሩን አቋረጠ። ይህ ድሮፕ አውት ነው። እዚያው ከሩጫ እንደሚሰናበት ተናገረ፤ ይህ ሪታየር ነው። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሩጫ ተመለሰ። ስለዚህ ጊቭ አፕ አደረገ አይባልም። በሰው ላይ ተስፋ መቁረጥ ሲሆን ደግሞ ኦን ይጨመራል፦ «ዶንት ጊቭ አፕ ኦን ሚ»። ፖሊስ ሲፈልገው የኖረ ሰው እጁን ሲሰጥ «ሂ ጌቭ ሂምሰልፍ አፕ» ይባላል።

ከዚያ አነጋገራችሁ ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት ወስኑ። እኔ ከሁሉም በላይ ትኩረት ስጡት የምለው እዚህ ጋ ነው። ሪፊዩዝ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ ቁጣም ሊሰማበት ይችላል። ሪጀክት የቀረበውን አይቶ «አይሆንም» ብሎ መጣል ነው፤ ለሐሳብ፣ ለማመልከቻ፣ ለተበላሸ ዕቃ ይሆናል። ተርን ዳውን የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ዲክላይን ጨዋው ነው። ሆቴሉ ሞልቶ እንግዳ ስትመልሱ «ዊ ሪፊዩዝ ዩር ሪኩዌስት» ብላችሁ ከጻፋችሁ በሩን ፊቱ ላይ እንደመዝጋት ነው። ዲክላይን እንኳ ለዚህ አያስፈልግም፤ «ዊ አር ሶሪ፣ ዊ አር ፉሊ ቡክድ» ይበቃል። የሥራ ዕድል ስትመልሱ ግን እንዲህ ጻፉ፦ «ታንክ ዩ ፎር ዚ ኦፈር፣ በት አይ ሃቭ ዲሳይድድ ቱ ዲክላይን ኢት።» ምስጋናው ይቅደም። በር ክፍት ይቆይላችኋል።

ዲናይን ከዚህ ቡድን አውጡት። ብዙ ጊዜ «አላደረግኩም» ብሎ መካድ ነው። ስጦታ አልቀበልም ለማለት አይሆንም።

በመጨረሻ ከግሱ በኋላ የሚመጣውን አስተካክሉ። ሪፊዩዝ እና ዲክላይን ሌላ ግስ ሲከተላቸው ቱ ይፈልጋሉ፦ «ሺ ሪፊዩዝድ ቱ ፔይ»። ሪጀክት ቱ አይወድም፤ ስም ብቻ ነው የሚከተለው። ጊቭ አፕ እና ኩዊት ደግሞ የሚከተላቸው ግስ መጨረሻ ላይ ኢንግ ይፈልጋሉ፣ «ጊቭ አፕ ቹዊንግ» እንዳልነው። ኢት መሐል ትገባለች፦ «ጊቭ ኢት አፕ»፣ «ተርን ኢት ዳውን»። ኩዊት ኃላፊ ጊዜ ላይም ብዙውን ጊዜ ያው ኩዊት ነው። ሪፊዩዝ ለዕቃም ይሠራል። ጠዋት ባጃጁ አልነሳም ካለ «ዘ ባጃጅ ሪፊዩዝድ ቱ ስታርት» በሉ፤ እንግሊዞቹም ስለ መኪናቸው እንዲሁ ይላሉ።

ለልምምድ በቀኑ ውስጥ የተዋችሁትንና ያልተቀበላችሁትን ማታ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «በእጄ ነበር» ወይም «ቀረበልኝ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ምልክቱና ግሱ ካልተስማሙ ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን ግሱን ቀይሩ።