ሰበር ዜና ሲመጣ እንዴት እንጠራጠር?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ዓቢይ ጾም ከገባ ሳምንቱ። ጠዋት 2፡38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ያህል በሮ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፋራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከምሳ በፊት ስልኬ በሁለት ዓይነት መልእክት ተጥለቅልቆ ነበር። አንዱ «ነፍሳቸውን ይማር»፣ ሌላው «የሚደብቁን ነገር አለ»።

ሁለተኛውን የላኩትን አልፈርድባቸውም። ግን መጠራጠርም ሙያ ይጠይቃል። እኔ የተማርኩት ከዚያች ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ደብተር አውጡ። የስልክ ኖትም ይሆናል። ማን ተናገረ፣ በየትኛው ቀን ተናገረ፣ ያን ቀን ምን ሊያውቅ ይችል ነበር? እነዚህን ሦስቱን ጻፉ። ጥቁር ሳጥኖቹ የተገኙት ሰኞ ነው። ስለዚህ እሁድ ዕለት ምክንያቱን ያወቀ ሰው አልነበረም፣ ባለሥልጣንም ይሁን ቴሌቪዥን ላይ የቀረበ ባለሙያ፣ ወይም የእናንተው አጎት። «ገና አልታወቀም» ያለውን ሰው ግን ምልክት አድርጉበት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ ተናጋሪው በነገሩ ውስጥ ምን እንዳለው እዩ። ይሄ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ዋናው እዚህ ስለሆነ። የወደቀው አውሮፕላን ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ሰኞ ቻይና ማክስ አውሮፕላኖቿን አሳረፈች። የእኛም አየር መንገድ አሳረፈ። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ግን በዚያው ሰኞ «ለበረራ ብቁ ነው» አለ፣ ሐሳቡን የቀየረው ረቡዕ ነው። አውሮፕላኑ ብቁ ነው ብሎ ፈቃድ የሰጠው ማን ነበር? ራሱ። ያኔ ይህን ማንሳት ብቻ በቂ የጥርጣሬ ምክንያት ነበር፣ ምንም የተደበቀ ሰነድ አያስፈልግም። ሰነዱማ ከ9 ወር በኋላ በአሜሪካ ኮንግረስ ወጣ። ከእኛ አምስት ወር ለማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ባሰላው ስሌት፣ ችግሩ ካልተስተካከለ ማክስ በአገልግሎት ዘመኑ ከ15 በላይ አደጋ ሊደርስበት ይችላል ይላል። ይህን ይዘው ነው ሰኞ «ብቁ ነው» ያሉት።

ቁጥር ሲነገራችሁ አትቸኩሉ። የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት መጀመሪያ 200 ተባለ፣ ቁጥሩን የሰጠው አየር መንገዱ ራሱ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሪፖርቱ 361 አለ። በመሀል ግን ያች 200 ዓለምን ዞረች፣ ውጭ ያለው ሁሉ ማሽኑን ትቶ ስለ ልጁ ማውራት ጀመረ። የተሳሳተ ቁጥር ማንን ነጻ እንደሚያወጣ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ከዚያ ሪፖርት ሲወጣ መግለጫውን ብቻ ሰምታችሁ እንዳታቆሙ፣ ውስጡን አንብቡ። መጋቢት 26 የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ላይ አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው የግራ መሣሪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ላይ ነበር። ግራው የማይሆን ነገር እያለ ነው፣ አውቶማቲክ ሥርዓቱ ግን እሱን አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቃል። ይህቺ አንዲት መስመር ከአሥር ጋዜጣዊ መግለጫ ትበልጥብኛለች።

አሁን ደግሞ የማይወደደው ክፍል። የራሳችሁንም ወገን ጠርጥሩ። «አየር መንገዳችን አይነካም» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፣ እኔም ጮኬያለሁ። ታኅሣሥ 2015 የወጣው የእኛ የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የማክሱን ጥፋት ሳይክዱ የአብራሪዎቹ ሥራ በቂ አልተመረመረም ብለው ተቃውመዋል። መስማማት የለባችሁም፣ አንብቡት ግን። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤሩት ተነስቶ 90 ሰው ይዞ ባሕር የገባውን የአየር መንገዳችንን በረራ 409 አስታውሱ። ሊባኖሶች መቅጃዎቹ ሳይገኙ በዚያው ቀን «የአሸባሪ ሥራ አይደለም» አሉ። መጠርጠራችን ልክ ነበር፣ በአንድ ቀን ያ አይታወቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ምርመራው ወደ አብራሪዎቹ አመለከተ፣ አየር መንገዱ ፍንዳታ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። ዛሬም ሰፈሬ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ «ፈንድቶ ነው» ይላችኋል። ሪፖርቱን ያነበበ ግን አላገኘሁም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከአደጋው በኋላ ባለችው እሁድ ቅድስት ሥላሴ የተሸኙት ሬሳ ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። ቤተሰብ አስከሬን አላገኘም፣ ከወደቀበት ቦታ አንድ ኪሎ አፈር ነው የተሰጠው። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት ስትገቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላችሁ ተቀመጡ። ስለ ሴንሰር ራሳቸው ካነሱት ትሰማላችሁ። ደብተሩ ቤት ይቆይ።