የልብ ድካም ያለባቸውን ሰው የሌሊት አተነፋፈስ እንዴት እንከታተላለን?

የልብ ድካም ያለባቸው እናት ወይም አባት ጋ የምታድሩ ሰዎች ይህን ታውቁት ይሆናል። ሌሊት ትንፋሻቸው እየፈጠነ፣ እየጠለቀ ይመጣል። ከዚያ እየሳሳ ይሄድና ጸጥ ይላል። ለሰከንዶች ምንም የለም። ደሞ ይጀምራል። ሐኪም ዘንድ የሚደረሰው ቀን ስለሆነ ያኔ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ማየት ያለበት አብሮ የሚያድረው ሰው ነው።

መጀመሪያ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቁ። እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ይለውጣል። በጎንደር ብርድ ደረት ገልጦ ማየት አይታሰብም፤ ጋቢው ሆዳቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ተመልከቱ። ብዙ ሰው 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። እዚህ ላይ አይሠራም። የዚህ አተነፋፈስ አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 90 ሰከንድ ስለሚፈጅ፣ በ15 ሰከንድ ወይ ፈጣኑን ወይ ጸጥታውን ብቻ ታገኛላችሁ። 3 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩና ለ3 አካፍሉ። አዋቂ ሰው እረፍት ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ጸጥታው ስንት ሰከንድ እንደቆየም ጻፉ። በስልክ ብትቀርጹት ደግሞ የበለጠ ነው፤ ሐኪሙ በዓይኑ ያየዋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንገት ላይ ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ኦክስጅንን የሚለካ ትንሽ አካል አለ። አንጎል ውስጥ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚከታተል አለ። በልብ ድካም ጊዜ እነዚህ ቁጡ ይሆናሉ። ደሙም ከሳንባ ተነስቶ እነሱ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ትንፋሽ መቀነስ ሲገባው ይፈጥናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከልክ በላይ ሲወርድ ደግሞ ይቆማል። ሐኪሞች ቼይን ስቶክስ ይሉታል፤ ጆን ቼይን በ1818፣ ዊሊያም ስቶክስ በ1854 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የምንስበው ኦክስጅን ስለሚሳሳ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ከእሷ ከፍ ወዳለችው ደባርቅ ከመውጣት በፊት ሐኪም መጠየቅ አይከፋም።

ስንነሳ የደም ግፊት እንዳይወርድ የሚያስተካክለው ሪፍሌክስም (ሰውነት ሳናዘው የሚሰጠው ምላሽ) ይደነዝዛል። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ። ቁሜ ካላስቀደስኩ የሚሉትን ተለማምጣችሁም ቢሆን አስቀምጧቸው።

በስንት ትራስ እንደሚተኙም ልብ በሉ፤ ከአንድ ወደ ሦስት ከጨመሩ ይጻፍ። ክብደት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ይለካ። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደውሉ ወይም ሂዱ። ጨው ውሃ ይይዛል፤ የጾም ሽሮ ውስጥም ጨው አለ። ጾም ነው ብሎ የሚያሸናውን ኪኒን መዝለል ደግሞ በፍጹም አይሆንም፤ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም አረፋ የመሰለ አክታ ካወጡ ግን መቁጠሩን ተዉትና ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። መንገድ ላይ አታስተኟቸው፤ ራሳቸውን ካልሳቱ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።